ግብር የሚከፈልበት ገቢ ከከተማ ከተማ ይህን ያህል የሚራራቀው ለምንድን ነው?

አሞራ ገደል (ሀዋሳ) — ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁም። የሁለተኛ ዲግሪ የመመረቂያ ጽሑፌን የምሠራው ግብር የሚከፈልበት ገቢ በከተሞቻችን መካከል ስለሚያሳየው ልዩነት ነው። በሕዝብ ብዛት የሚቀራረቡ፣ በንግድ እንቅስቃሴም ያን ያህል የማይበላለጡ የሚመስሉ ከተሞች በነፍስ ወከፍ ሲሰሉ እጅግ ተራርቀው ይገኛሉ፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከሁሉም ተነጥላ ለብቻዋ ትቆማለች። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ይህ ልዩነት የሚነበብበት መንገድ ነው። ዝቅ ያለ ቁጥር የታየበት ከተማ ነዋሪው ድሃ ነው፣ ወይም ነጋዴው ገቢውን ይሰውራል፣ ወይም ገቢ ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ሥራውን አልሠራም ተብሎ ይደመደማል፤ ይኸው ድምዳሜም ስለ በጀት በሚደረጉ ውይይቶች ላይ እንደ ማስረጃ ሲቀርብ እሰማለሁ።

የምኖረው ሀዋሳ ነው። በከተማችን በዓይን የሚታየው ገንዘብና በግብር መዝገብ ላይ የሚገኘው ገንዘብ አይመጣጠኑም። የሲዳማ ቡና በምርት ገበያው መጋዘን ይመዘናል፣ ደረጃ ይወጣለታል፤ ኢንዱስትሪ ፓርኩ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ቀጥሮ ሲያሠራ ቆይቷል፤ ዩኒቨርሲቲው፣ ሪፈራል ሆስፒታሉ፣ በሐይቁ ዳርቻ የተደረደሩት ሆቴሎች ሁሉ ደመወዝ ይከፍላሉ። ታዲያ ይህ ሁሉ ገቢ በመዝገቡ ላይ የት ይገባል? ቁጥሩ የነዋሪውን አቅም የሚያሳይ ነው ወይስ ሌላ ነገር? ከሙያው ወይም ከሌላ አገር ልምድ በመነሳት ማብራሪያ ለምትሰጡኝ ሁሉ ምስጋናዬ ከልብ ነው።

ሚዛን (አዳማ) — ምላሽ

ወንድማችን ያነሱት ጥያቄ በቢሮም ሆነ በስብሰባ መነሳት የሚገባው ነው። በአዳማ የብዙ ነጋዴዎችንና የጥቂት ድርጅቶችን ሂሳብ ስሠራ ቆይቻለሁና ከዚያ ልምድ ተነስቼ ልመልስ። በአጭሩ፣ ቁጥሩ የሚነግረን ገቢው ለግብር የተመዘገበበትን ቦታ ነው። ገቢው የተገኘበት ቦታ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ባለገቢው የሚኖርበት ቦታም እንዲሁ ሌላ ሊሆን ይችላል። ሦስቱ በአንድ ከተማ የሚገጥሙት በዋናነት ለግለሰብ ነጋዴው ነው።

ነገሩ ከሕገ መንግሥቱ ይጀምራል። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት የግብር ሥልጣንን በአንቀጽ 96፣ 97 እና 98 ለፌዴራል መንግሥት፣ ለክልሎችና ለሁለቱ በጋራ ይደለድላል። የግለሰብ ነጋዴ የንግድ ትርፍ፣ የክልሉ መንግሥትና የግል ድርጅቶች ሠራተኞች የሥራ ግብር፣ በክልሉ ውስጥ ካሉ ቤቶች የሚገኝ የኪራይ ገቢ፣ የገበሬው ገቢም ጭምር የክልል ነው። የኩባንያ ትርፍና ለባለ አክሲዮኖች የሚከፋፈለው የትርፍ ድርሻ የጋራ ነው። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ላይ የሚጣለው ግብር ደግሞ የፌዴራል ነው። እንግዲህ በአንድ ከተማ ውስጥ ጎን ለጎን የቆሙ ሦስት ሕንፃዎች ግብራቸውን ለሦስት ልዩ ልዩ መዝገቦች ሊያስገቡ ይችላሉ፤ የከተማው አስተዳደር የሚያየውም የራሱን መዝገብ ብቻ ነው።

በአዳማ ይህ እንዴት እንደሚታይ ላስረዳ። ከተማችን ከአዲስ አበባ መቶ ኪሎ ሜትር በማትሞላ ርቀት ላይ፣ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው መንገድ ላይ የተቀመጠች ናት፤ ቀድሞ ባቡሩ፣ ኋላም በ2006 ዓ.ም. የተከፈተው የፍጥነት መንገድ ኑሮዋን ወስነውታል። ሾፌሩ፣ ረዳቱ፣ ጎማ ጠጋኙ፣ መለዋወጫ ሻጩ፣ የመኪና ማሳደሪያው ጥበቃ ከከባድ ጭነት መኪና እንጀራ ይበላሉ። የመኪናው ባለቤት ግን በአዲስ አበባ የተመዘገበ ድርጅት ከሆነ የጭነቱ ትርፍ የሚታወጀው እዚያው ነው። የባንክ ቅርንጫፍም ከዚህ አይለይም። ከዋናው መንገድ ዳር ያለው ቅርንጫፍ ከአዳማ ነጋዴ ተቀማጭ ይሰበስባል፣ ለአዳማ ነጋዴ ያበድራል፣ ከወለዱም ያተርፋል፤ ይሁን እንጂ ባንኩ አንድ አክሲዮን ማኅበር ስለሆነ የሁሉም ቅርንጫፎች ትርፍ ተጠቃሎ በዋናው መሥሪያ ቤት በኩል፣ አዲስ አበባ ላይ ለፌዴራሉ ግብር ሰብሳቢ ይታወጃል። ስለዚህ አዲስ አበባ ከሁሉም ርቃ እንድትታይ ከሚያደርጉት ምክንያቶች አንዱና ምናልባትም ትልቁ የዋና መሥሪያ ቤቶች መሰብሰቢያ መሆኗ ነው። የአዲስ አበባ ሰው ከአዳማ ሰው በአማካይ የተሻለ ገቢ እንዳለው አልክድም፤ ልዩነቱ ግን መዝገቡ የሚያሳየውን ያህል አይመስለኝም።

ቀጥሎ የሚመጣው የገቢ አገማመት ጉዳይ ነው። ለረጅም ጊዜ ስንሠራበት በቆየው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ዓመታዊ ጠቅላላ ገቢው 500,000 ብር የማይደርስ ግለሰብ ነጋዴ የደረጃ «ሐ» ግብር ከፋይ ነበር፤ የሂሳብ መዝገብ የመያዝ ግዴታም አልነበረበትም። ግብሩ የሚወሰነው በቁርጥ ነበር፤ ለዚህም መነሻ የሚሆነው ኮሚቴ በየሱቁ ዞሮ የሚያወጣው የቀን ገቢ ግምት ነው። ብዙው የከተማ ነጋዴ በዚህ ደረጃ ውስጥ ስለነበር የአንድ ከተማ ግብር የሚከፈልበት የንግድ ገቢ ከፍ ወይም ዝቅ ማለት ገማቾቹ ጠንካራ ወይም ለዘብተኛ መሆናቸውን ያህል ነው። በ2009 ዓ.ም. ክረምት የቀን ገቢ ግምቱ ሲከለስ በበርካታ የኦሮሚያ ከተሞች ሱቆች የተዘጉት ነጋዴው የተገመተበትን ገቢ አላገኘሁትም ብሎ ነው። የዚያን ዓመት ቁጥር ከቀደመው ዓመት ጋር አነጻጽሮ «የከተማው ኢኮኖሚ በዚህን ያህል አደገ» ብሎ መጻፍ ትልቅ ስሕተት ላይ ይጥላል። ያደገው ግምቱ ነው።

የኪራይ ገቢንም አይርሱት። አዳማ ውስጥ ግቢው ውስጥ ሁለት ሦስት ክፍል ሠርቶ የማያከራይ ባለቤት ጥቂት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ተከራዩም ብዙ ጊዜ ያለ ጽሑፍ ውል የሚኖር ተማሪ ወይም የቀን ሠራተኛ ነው። ይህ ገቢ በሕጉ ሰንጠረዥ «ለ» መሠረት ግብር የሚከፈልበት ሆኖ ሳለ መዝገብ ላይ የሚወጣው የመንገድ ዳር ሱቅና የፎቅ ኪራይ ነው፤ የጓዳው ክፍል ኪራይ አብዛኛውን ጊዜ አይታይም።

ሐይቅ ዳር (ሀዋሳ) — ምላሽ

የአዳማው ባለሙያ ካነሱት ላይ ሀዋሳን የሚመለከተውን ልጨምር፤ በተለይ ስለ ደመወዝተኛው።

ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ የፌዴራል ተቋም ነው። መምህራኑና የአስተዳደር ሠራተኞቹ በከተማችን ቋሚ ደመወዝ ከሚያገኙት ትልቁ ስብስብ ውስጥ ይመደባሉ፤ በሕጉ መሠረት ግን የሥራ ግብራቸው የፌዴራል መንግሥት ገቢ ነው። ቤት የሚከራዩት፣ ልጅ የሚያስተምሩት፣ ገበያ የሚወጡት እዚሁ ሆኖ ሳለ በከተማው ግብር መዝገብ ላይ የሉም። አዳማም ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ስላላት ጉዳዩ የጋራችን ነው።

ስለ ኢንዱስትሪ ፓርኩ አንድ ስሌት ልሥራ፤ ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። ፓርኩ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ተመርቆ ሥራ ከጀመረ በኋላ በ2011 ዓ.ም. በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት የልብስ ስፌት ሠራተኛዋ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር መሆኑን ገልጾ ነበር፤ በወቅቱ ምንዛሪ ወደ 750 ብር ይጠጋል። በዚያን ጊዜ በወር እስከ 600 ብር ያለው ደመወዝ ግብር አይከፈልበትም፤ ከዚያ በላይ ያለው የመጀመሪያ እርከን 10 በመቶ ይከፍላል። ስለዚህ ግብሩ የሚያርፈው በ150 ብር ላይ ነው፤ የወር ግብሯም 15 ብር ይሆናል። እንዲህ ያሉ 10,000 ሠራተኞች በወር 150,000 ብር ይከፍላሉ ማለት ነው። በዚያው አዋጅ በወር 20,000 ብር የሚያገኝ አንድ ባለሙያ 5,500 ብር ይከፍል ስለነበር የአስር ሺውን ሠራተኛ ግብር 28 ባለሙያዎች ይሸፍኑታል። አስር ሺህ ሰው በየማለዳው ወደ ሥራ የሚገባበት ከተማና ሃያ ስምንት ባለ ከፍተኛ ደመወዝ ሰዎች ያሉበት አንድ የአዲስ አበባ ቢሮ በግብር መዝገብ ላይ እኩል ይሆናሉ። የፋብሪካዎቹ ትርፍ ደግሞ በኢንቨስትመንት ማበረታቻ ለዓመታት ከገቢ ግብር ነፃ ነው። ለእነዚያ ልጆች ሥራው የሕይወት ጉዳይ ነበር፤ በ2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከአጎዋ (ወደ አሜሪካ ገበያ ከቀረጥ ነፃ ከሚያስገባው ዕድል) ተጠቃሚነት ስትወጣና ሥራ ሲቀዛቀዝ ጉዳቱን ያየነው በየተከራዩበት ሰፈር ነው፤ በግብር ቁጥር ላይ ግን ጉዳቱ ያን ያህል ጎልቶ የሚታይ አይደለም።

ጠያቂው ዓመታትን የሚያነጻጽሩ ከሆነ ደግሞ አንድ ጥንቃቄ ይጠብቃቸዋል። በ2017 ዓ.ም. በወጣው ማሻሻያ ከግብር ነፃ የሆነው የወር ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል። ዝቅተኛ ተከፋይ በብዛት ባለባቸው ከተሞች ከሥራ ግብር የሚገኘው ገቢ ከዚያ በኋላ ቢቀንስ የማንም ጉድለት አይደለም።

ቡናውን በተመለከተ መልሱ አጭር ነው። ገበሬው በጣም ጥቂት ግብር ይከፍላል፤ አቅራቢው ግለሰብ ነጋዴ ከሆነ በክልሉ ይመዘገባል፤ ላኪው ግን አብዛኛውን ጊዜ አዲስ አበባ የተመዘገበ ኩባንያ ነው። ትልቁ ትርፍ ያለውም ላኪው ዘንድ ነው።

በመጨረሻ፣ ሀዋሳ ላይ ብቻ የደረሰ አንድ ነገር አለ። ከተማችን ለብዙ ዓመታት የቀድሞው የደቡብ ክልል መቀመጫ ነበረች። በ2012 ዓ.ም. የሲዳማ ክልል ሲመሠረት የእሱም መቀመጫ ሆነች፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የደቡብ ክልል ተከፍሎ ቢሮዎቹ ወደ ወላይታ ሶዶ፣ ወደ ሆሳዕናና ወደ ሌሎች ከተሞች ሄዱ። ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ ቤት የሠሩት፣ ልጆቻቸውን የሚያስተምሩት ሀዋሳ ነው፤ ስለዚህ ቤተሰቡ እዚህ ቀርቶ ደመወዙ እዚያ ተመዘገበ። ደመወዙ ሀዋሳ ይበላል፣ ግብሩ ግን ሌላ ከተማ ይቆጠራል። ቤተሰብን ለሁለት የከፈለ ጉዳይ ስለሆነ ከቁጥርም በላይ ያሳዝነኛል።

ሰሜን ኮከብ (ስቶክሆልም) — ምላሽ

ያደግሁት አዳማ ነው፤ አሁን የምኖረው ስዊድን ነው። ጠያቂው የሌላ አገር ልምድ ስለጠየቁ የማውቀውን ላካፍል፤ ምክንያቱም እዚህ ስለ ከተሞች ግብር የሚከፈልበት ገቢ የሚወጣው ቁጥር ከእኛው በመሠረቱ የተለየ ነገር ይለካል።

ስዊድን 290 የከተማና የወረዳ አስተዳደሮች አሏት። ዋና ገቢያቸው ነዋሪው በደመወዙ፣ በጡረታውና በመሳሰለው ገቢው ላይ የሚከፍለው የአካባቢ ግብር ነው። የኩባንያ ትርፍ ግብርና ከካፒታል የሚገኝ ገቢ ላይ የሚጣለው ግብር ሙሉ በሙሉ የማዕከላዊው መንግሥት ነው። የሥራ ግብሩም የሚከተለው ሰውዬው የሚኖርበትን እንጂ የሚሠራበትን ቦታ አይደለም፤ በአንድ ዓመት ኅዳር 1 ቀን (በፈረንጆቹ አቆጣጠር) በነዋሪነት የተመዘገበበት አስተዳደር የቀጣዩን ዓመት ግብሩን ይወስዳል። እኔ በየቀኑ በባቡር ወደ ሌላ ከተማ ሄጄ ብሠራ ግብሬ መኖሪያዬ ላይ ይቀራል። ስለዚህ የአዳማው ወንድማችን ያነሱት የዋና መሥሪያ ቤት ችግር እዚህ ቁጥሩን አያዛባውም፤ የአንድ አካባቢ ግብር የሚከፈልበት ገቢ ለነዋሪዎቹ ሲካፈል በእርግጥም የነዋሪዎቹን የገቢ አቅም ይነግራል።

ልዩነቱ ግን እዚህም ሰፊ ነው። ከስቶክሆልም በስተሰሜን ያለችው ዳንደርዩድ በነዋሪ አማካይ ገቢ ከአገሪቱ ግንባር ቀደም ናት። በሰሜን ያለችው ትንሿ ዶሮቴያ ሰዎቿ ጥቂትና በዕድሜ የገፉ ናቸው፤ ከአገሪቱ ከፍተኛ የሆነውን፣ ከ35 በመቶ የሚበልጠውን የአካባቢ ግብር መጣኔ ከሚያስከፍሉት ውስጥ ናት። ከስቶክሆልም አጠገብ ያለችው ኦስተሮከር መጣኔዋ 29 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ሀብታሙ አካባቢ ዝቅተኛ መጣኔ፣ ድሃው ከፍተኛ መጣኔ ይዞ መገኘቱ ለእኔ ፍትሐዊ አይመስለኝም፤ ነገር ግን የማካካሻ ሥርዓቱ ባይኖር ክፍተቱ ከዚህም በከፋ ነበር። ሥርዓቱ የእያንዳንዱን አስተዳደር ግብር የሚከፈልበት ገቢ በነፍስ ወከፍ ያሰላና ከአገሪቱ አማካይ 115 በመቶ በታች ለሆኑት ይደጉማል፤ ከዚያ በላይ ያሉት ጥቂቶች ይከፍላሉ። ከ290ው አብዛኛዎቹ ተደጓሚ መሆናቸው ማንንም አያሳፍርም፤ ዝቅተኛ ቁጥር ያለው አስተዳደርም ሰነፍ አይባልም። ቁጥሩ በምን ምክንያት ዝቅ እንዳለ ሁሉም ያውቃልና።

አሞራ ገደል (ሀዋሳ) — ጠያቂው

ሦስታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ በተለይ የሃያ ስምንቱ ባለሙያዎች ስሌት በጽሑፌ ውስጥ መግባት የሚገባው ነው። አንድ ነገር ልጨምር። የፌዴሬሽን ምክር ቤት በአንቀጽ 62 በተሰጠው ሥልጣን የሚያወጣው የድጎማ ቀመር የክልሎችን የወጪ ፍላጎትና ገቢ የማመንጨት አቅም እንደሚያመዛዝን አውቃለሁ። ያ ግን በክልሎች መካከል ያለውን የሚመለከት ነው፤ በከተሞች መካከል ለማነጻጸር በእጄ ባለው መረጃ ምን ዓይነት አሠራር ብከተል የተሻለ ውጤት አገኛለሁ? በነዋሪነት ላይ የተመሠረተ የግብር መዝገብ እንደ ስዊድን የለንም።

ሚዛን (አዳማ) — ምላሽ

ያለውን መዝገብ ከመደመርዎ በፊት ይለያዩት። የሥራ ግብርን፣ የኪራይን፣ የግለሰብ ንግድንና የኩባንያ ትርፍን አንድ ላይ ጠቅልሎ ለሕዝብ ብዛት ማካፈል እስካሁን ያነሳነውን ግራ መጋባት ሁሉ በአንድ ቁጥር ውስጥ ይቀብረዋል። የኩባንያ ትርፍን ከከተማ ንጽጽር ሙሉ በሙሉ አውጥተው ለብቻው ቢያሳዩት፣ የግለሰብ ነጋዴውን ደግሞ የሂሳብ መዝገብ የሚይዘውንና በግምት የሚከፍለውን ለይተው ቢያቀርቡ፣ የሚቀርዎት ነገር ትንሽ ቢሆንም ስለ ከተማው የሚናገረው ይታመናል። የደመወዝተኛውን ብዛትና የሚከፈለውን ጠቅላላ ደመወዝ ካገኙ፣ ግብር ከሚያርፍበት ክፍል ጎን ለጎን ያስቀምጡት፤ የሀዋሳው ወንድማችን ያሉት ነገር በሠንጠረዥዎ ላይ ወዲያው ይታያል።

የማዘጋጃ ቤት ገቢንም ከዚህ ጋር እንዳያቀላቅሉት አደራ። የከተማ አስተዳደር ሪፖርት ላይ መደበኛ ገቢና የማዘጋጃ ቤት ገቢ ብዙ ጊዜ በአንድ ገጽ ይቀርባሉ። ከመሬት ሊዝ የሚገኘው ገንዘብ በአንድ ዓመት ትልልቅ ቦታዎች ለጨረታ ሲወጡ ያሻቅባል፣ በቀጣዩ ዓመት ይወርዳል፤ የአንድም ነዋሪ ገቢ ሳይለወጥ ከተማው የበለጸገ ወይም የደኸየ ይመስላል። ግብር የሚከፈልበት ገቢም አይደለም።

ለማመሳከሪያ የሚሆን ከግብር ውጭ ያለ መረጃም ይፈልጉ። የኤሌክትሪክ ቆጣሪ ብዛት፣ የታደሱ የንግድ ፈቃዶች፣ የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ይባል የነበረው ተቋም የሚያካሂዳቸው የቤተሰብ ፍጆታ ጥናቶች ይጠቅማሉ። የፍጆታ ጥናት የሚጠይቀው ሰውን በመኖሪያ ቤቱ ስለሆነ ከሶዶ የሚላከውን ደመወዝም፣ የጓዳ ክፍል ኪራይንም፣ የዩኒቨርሲቲ መምህሩንም ወጪ እዚያው ሀዋሳ ላይ ይይዘዋል። በፍጆታ ጥናቱና በግብር መዝገቡ መካከል የሚያገኙት ክፍተት ለእኔ ከሁለቱም የበለጠ ጠቃሚ ውጤት ነው፤ በተቻለዎ መጠን ክፍተቱን በየምክንያቱ ከፋፍለው ያሳዩ፤ ምን ያህሉ በሕግ ለሌላ መዝገብ የተሰጠ፣ ምን ያህሉ በማበረታቻ ነፃ የተደረገ፣ ምን ያህሉ ከግብር መነሻው በታች የሆነ፣ ምን ያህሉ ደግሞ በእውነት ያልታወጀ እንደሆነ። የከተማው ገቢ ሰብሳቢ ሊጠየቅ የሚገባው በመጨረሻው ብቻ ነው።